ባለቤቷ ካልመጣች አይወርድም

አማቴን ሰፈሩ «ኪስ አውላቂዋ» ይላታል። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ራሷም ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ኪስ አውላቂዋ ነኝ» ነው የምትለው። ልብስ አጣቢ ናት። ወደ ማጠቢያ ማሽን የሚገባ ሱሪም ይሁን ካፖርት መጀመሪያ በእሷ እጅ ያልፋል፤ ኪሱ ሁሉ ይገለበጣል። ከውስጡ የወጣው ቁልፍ፣ ጉትቻ፣ የሕፃን ካልሲ፣ ምንም ይሁን ምን በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር በሚያቋርጠው ሽቦ ላይ ይሰቀላል። ባለቤቱ እስኪመጣ ማንም አይነካውም። እኔ የልጇ ሚስት ነኝ፤ ካውያው የእኔ ድርሻ ነው። አማትና ምራት አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ላይ በእንፋሎት ታፍነን፣ እስከ ዛሬ አለመገዳደላችን በራሱ የሚነገር ታሪክ ነው።

ስለ እሷ የምናገረው ሌላው ስለሚዋሽ ነው። ዛሬ እሷን ለማመስገን የሚሽቀዳደመው ሰው ያኔ ምን ብሎ እንደጻፈባት አልረሳሁም። እሷ ቶሎ ትረሳለች፤ «ሰው ነው፣ ተይው» ትለኛለች። እኔ ግን ቂመኛ ነኝ፤ እያንዳንዱን ስድብ ከነተሳዳቢው ፎቶ አንስቼ ስልኬ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ ከጎርፉ ልጀምር። ወንዙ ሞልቶ፣ ዳርቻውን ጥሶ፣ የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ ወሰደው። የእኛ ቤት ዳገቱ ላይ ስለሆነ ውሃው ደረጃችን ሥር ደርሶ ተመለሰ። አማቴ በዚያን ጊዜ ባሌ ለማስታወቂያ ብሎ የከፈተላት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ነበራት። ማስታወቂያ ግን አይሆንላትም፤ ሽቦው ላይ የተሰቀለውን ዕቃ እያነሳች «ባለቤቱ ይምጣ» ብላ መለጠፍ ብቻ ነበር ሥራዋ። ጎርፉ በተረጋጋ ማግሥት ግን «ያላችሁን ልብስ አምጡ፤ አጥበን ለተቸገረ እንሰጣለን» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ መቀመጫ አጣን። ሰው በጆንያ፣ በሻንጣ፣ በአንሶላ ቋጥሮ አመጣ። ጭቃ ሲቆፍሩ የዋሉትም ያገኙትን ልብስ ሁሉ እያመጡ ደጃችን ላይ ይጥሉ ጀመር። ከጭቃ የወጣውን በስተግራ፣ ከሰው ቤት የመጣውን በስተቀኝ ከመርን።

ገጹም የልብስ ገጽ መሆኑ ቀረ። አንዱ «እኛ መጠለያ ብርድ ልብስ የለም» ብሎ ይጽፋል፤ ከሥሩ ሌላው «እኛ ጋ ተርፏል፣ መኪና ላኩ» ይላል፤ ሦስተኛው መኪና አለኝ ይላል። ባሌ በሞተር ብስክሌቱ ሲመላለስ ፂሙን መላጨት ረሳ። አንድ ቀን ከጭቃው ክምር፣ ከአንድ ኮት ኪስ ውስጥ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ወጣ፤ ከፊት አንድ የወርቅ ጥርስ አለበት። እኔ ጥርስ አይለጠፍም፣ ያስጠላል ብዬ ተከራከርኩ። አማቴ ባለጥርሱ በምን ሊበላ ነው ብላ ለጠፈችው። በማግሥቱ ከሌላ ከተማ አንዲት ሴት ደወለች፤ የአባቷ ጥርስ ነው። አባቷን ሞቷል ብላ አልቅሳ ጨርሳ ነበር። ይህን ያነበበ የመጠለያ ሠራተኛ ደግሞ «እኛ ዘንድ ጥርስ የሌላቸው፣ የሚሉት የማይሰማ አንድ አዛውንት አሉ» ብሎ ጻፈ። እሳቸው ነበሩ። ስማቸውን ሲናገሩ የከረሙት ለማይገባው ሰው ነው።

በዚያው ሰሞን ነው የጅምላ ነጋዴው ማስታወቂያ የወጣው። ሰውየው ከታችኛው ሰፈር መጋዘን፣ ከላይኛው ደግሞ የእንግዳ ማረፊያ አለው። የማረፊያው አንሶላ የሥራችን ግማሽ ነበር፤ እሱ ባያመጣ ማሽናችን ግማሽ ቀን ሥራ ይፈታል። ማስታወቂያው ላይ የቤት ሠራተኛውን ፎቶ ከነሙሉ ስሟ አወጣ። ልጅቷ ሰማያዊ ጃኬት ለብሳ ፈገግ ብላለች። ከሥሩ የጻፈው እንዲህ የሚል ነበር፤ የጎርፉን ግርግር ተገን አድርጋ መጋዘኔን ዘርፋ፣ በፎቶው ላይ የምታዩትን ጃኬት እንደለበሰች ተሰውራለች፤ ያያችኋት ለፖሊስ ጠቁሙ።

ከተማው ተቀባበለው። ሰው ቤቱን ጎርፍ ወስዶበታል፣ የሚናደድበት ይፈልጋል፤ ወንዝ አይሰደብ ነገር ልጅቷን ሰደባት። «ከጎርፉ የባሰች ጎርፍ» ብሎ የጻፈውን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ ሸሚዙን የምተኩሰው እኔ ነኝ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ማለት ይህ ነው። እሱ አንዴ ሌባ አላት፣ አገሩ ሁሉ ተከትሎ ሌባ አላት።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ የነጋዴው ሚስት በእግሯ መጣች። ልብስ የሞላ ከረጢት ይዛለች፤ ዓይኗ አብጧል። «ለሟች ነፍስ ይሁን፤ ለተቸገረ ስጡልኝ» አለች። ማን እንደሞተባት አልጠየቅናትም፤ በዚያ ሰሞን ያልሞተበት ማን ነበር። ዝም ያለች ሴት ናት። ባሏ ስልክ እንኳ እንደማያስይዛት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከረጢቱን በስተቀኝ ካለው ክምር ላይ አድርጋ ሄደች።

ተራው ደርሶ ከረጢቱ ሲፈታ አማቴ እንደ ልማዷ ኪስ መገልበጥ ጀመረች። አንድ ቀሚስ፣ ሁለት ሹራብ፣ የሌሊት ልብስ፣ ከዚያ ሰማያዊ ጃኬት። ደረቱ ላይ ካሉት ቁልፎች አንዱ ከሌሎቹ የሚተልቅ ጥቁር ቁልፍ ነው። የውጭ ኪሶቹ ባዶ ነበሩ። አማቴ ግን ገበሩን በእጇ ስትዳብስ አንድ ጠንከር ያለ ነገር አገኘች፤ በቀይ ክር በእጅ የተሰፋች ትንሽ የውስጥ ኪስ፣ በውስጧም በፕላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያ። መታወቂያውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ካውያዬን አቁሜ ስልኬን አወጣሁና የነጋዴውን ማስታወቂያ ከፈትኩ። ያው ፊት፣ ያው ጃኬት፣ ያው ጥቁር ቁልፍ።

ጃኬቱ ላይ ጭቃ የሚባል ነገር የለም። አማቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ በሥራ ሰዓት ስትቀመጥ ያየኋት ያኔ ነው። ነገሩን ቀስ ብላ አወጣች አወረደችው። ሸሽታ የጠፋች ሌባ በዚያ ዝናብ ጃኬቷን አውልቃ፣ መታወቂያዋን ትታ፣ ቅያሬ ልብስ እንኳ ሳትይዝ ትሄዳለች? ለብሳው ጠፋች የተባለው ጃኬትስ ከአሠሪዋ ቤት ንጹሕ ሆኖ እንዴት መጣ? ደግሞ ለየትኛዋ ሟች ነፍስ ነው የተሰጠው? እኔ ግን ካውያዬን መልሼ አነሳሁ። ስለ አንሶላዎቹ ነው መጀመሪያ ያሰብኩት፤ አልዋሽም። ሆድ ይፍጀው፣ እኛን ምን አገባን አልኳት። «ኪሱን እኔ ገልብጬ አንቺ እንዳላየሽ ትሆኛለሽ?» አለችኝ።

መጀመሪያ የሄደችው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ራሱ ጭቃ ውስጥ ነበር፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል። መርማሪው ወጣት ነው፤ በጠፉ ሰዎች ጉዳይ ዓይኑ ደም ለብሷል። አዳመጣት፤ ሌባ ጃኬቷን ትታ መሄዷ ብቻውን የሚያስከስስ ነገር አይደለም፣ ሌላም ጃኬት ሊኖራት ይችላል፣ ጎርፉ ጋብ ሲል እናየዋለን አላት። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አማቴ ግን እስኪያድር የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። እንደተመለሰች ጃኬቱን ሽቦው መሃል ላይ ሰቅላ ፎቶ አነሳችና በአንድ ጣቷ እየለቀመች ጻፈች። «ሰርቃ ጠፋች የተባለችው ልጅ ጃኬት ይኸው። ለብሳው አልጠፋችም። ጭቃ ሳይነካው ከአሠሪዋ ቤት መጣ። ልጅቷ የት ናት? ልጄ፣ ካለሽ ነይና ውሰጂ።»

ነጋዴው በማግሥቱ ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ። አማቴ ሁልጊዜ አንቱ የምትለው ሰው ነው፤ ሲገባ ተነሳች። እሱ በለሰለሰ ድምፅ ጀመረ። ሚስቱ ሐዘን ላይ ስለሆነች የምታደርገውን አታውቅም፤ ጃኬቱ ልጅቷ የጣለችው አሮጌ ነው፤ ለሌባ ለመሟገት ብላ የሥራ ወዳጅነታቸውን ለምን ታበላሻለች። አማቴ ሰምታ ስትጨርስ ሚስትዎ ሐዘን የተቀመጡት በማን ነው ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠና ጣቱን ወደ ሽቦው ቀሰረ።

«ይህን ጨርቅ ከዚህ አውርጂ። ከስልክሽም ላይ አውርጂ። ካለዚያ ከሌባዋ ጋር ተባባሪ ነሽ ብዬ አስከስስሻለሁ።»

«ባለቤቷ ካልመጣች አይወርድም» አለች አማቴ። «አንተ ግን ውረድ። ደረጃው ያዳልጣል፣ ተጠንቅቀህ ውረድ።»

አንተ አለችው። ካውያውን አንስቼ መያዜን ያወቅሁት ሰውየው ዞር ብሎ ሲያየኝ ነው።

በዚያው ዕለት የማረፊያው ሠራተኞች አንሶላ ሊወስዱ መጡ። አማቴ ታጥቦ የተተኮሰውን ሁሉ በሥርዓት አጥፋ፣ ትራስ ልብሱን ለብቻ አድርጋ አስረከበቻቸው። ከዚያ የስድቡ ዶፍ ወረደ። አንዱ የሌባ እናት አላት፤ ሌላው የድሃ ልብስ እየሰረቀች ትሸጣለች አለ፤ ጥርስ ለጥፋ ያሳቀችን አሮጊት አሁን ደግሞ ዳኛ ሆነች ያለም አለ። ነጋዴው የሚያውቀውንም የማያውቀውንም አስተባብሮ ገጹ ላይ አቤቱታ አስገባ፤ ገጹ ተዘጋ። ጠዋት ስንከፍተው የለም። ብርድ ልብስ የሚጠይቁትም፣ የሚሰጡትም፣ ጃኬቱም አብረው ጠፉ። እኔ በንዴት አለቀስኩ። አማቴ ማሽኑን አስነሳችና የተረፈው ልብስ አይታጠብም ወይ አለች።

ያልጠበቅነው ከዚያ የመጣው ነው። የወርቅ ጥርሱ አዛውንት ልጅ የጃኬቱን ፎቶ አስቀምጣው ኖሮ በራሷ ገጽ ላይ አወጣችው። «ይህች ሴት አባቴን መልሳልኛለች። አሁን ደግሞ የሰው ልጅ እየፈለገች ነው» ብላ ጻፈችበት። የጋብቻ ቀለበቱ የተመለሰለት ሾፌር አወጣው። የልጇን የሕክምና ካርድ ከጭቃ ያገኘንላት እናት አወጣችው። ብርድ ልብሱ የደረሳቸው መጠለያዎች አወጡት። አንድ ገጽ ቢዘጋ ስንቱ ይዘጋል። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሰማያዊው ጃኬት ነጋዴው ያወጣው ፎቶ የደረሰበት ሁሉ ደርሶ ነበር።

ጃኬቱን ካዩት አንዷ የልጅቷ ታላቅ እህት ናት። ሩቅ ከተማ ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ ሽርጧ ላይ ዱቄት እንዳለ አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች። ገብታ ሰላምታም አልሰጠችን። ጃኬቱን ገበሩን ገልብጣ ቀዩን ክር በጣቷ ነካች። ኪሷን እኔ ነኝ የሰፋሁላት አለች፤ ጥቁሩንም ቁልፍ ከራሴ ካፖርት ነቅዬ ነው የተከልኩላት። እናታቸው ካረፈች ወዲህ እህቷን ያሳደገቻት እሷ ናት። እኛ የጠፋችውን እንፈልጋለን፤ እሷ ግን ከጎርፉ ወዲህ ስልክ እየደወለች መልስ በማጣቷ፣ አሠሪውም «የሰረቀችው ላንቺ ነው፣ ደብቀሻታል» እያለ ስለሚያስፈራራት ወደዚህ ለመምጣት ሰግታ ኖራለች። አማቴ ወንበር አስቀምጣ፣ ውሃ ሰጥታ፣ ከጎርፉ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ምን እንደተነጋገሩ ጠየቀቻት። ልጅቷ ደውላ ነበር። መጋዘን ጠባቂው ስለቀረ አሠሪዬ እዚያ እንድውል ልኮኛል፣ ዕቃ እንዳይወጣ ብሎ በሩን ከውጭ ይቆልፋል ብላ ነግራታለች። ጃኬቷን ሳትደርብ በመውጣቷ በርዶኛል ማለቷንም እህቷ አስታወሰች።

ከዚያ አማቴ ስልኬን ተቀበለችኝ። የእሷ ገጽ ስለተዘጋ በእኔ ላይ ጻፈች። ጎርፉ የመጣ ዕለት የመጋዘኖቹን መንገድ በስልክ የቀረጸ ሁሉ ቪዲዮውን ደግሞ ይየው አለች። ያ ቀን ከሰገነት ላይ ስልኩን ቀስሮ ያልቀረጸ አልነበረም፤ ሰው እየሰጠመ ይቀርጻሉ ተብለው ሲወገዙ የከረሙ ናቸው። አሁን እነዚያው ሰዎች ያነሱትን እያገላበጡ መላክ ጀመሩ። አብዛኛው የውሃ ጩኸት ነው።

ከሁሉ የታወቀው ቪዲዮ ግን የፀጉር አስተካካዩ ነበር። ቤቱ ከመጋዘኑ ትይዩ ፎቅ ላይ ነው፤ ጎርፉን ከላይ ሆኖ አንስቶ፣ የሚያስለቅስ ሙዚቃ ከላዩ ጭኖ ለጥፎት አገር ተቀባብሎታል። መጋዘኑ በደንብ ይታያል፤ በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አማቴ ደወለችለትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ሙዚቃው የሌለበት አለህ ወይ?

ይዞት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሙዚቃውን ሲጭን የቪዲዮውን ድምፅ አጥፍቶት ስለነበር እሱም አልሰማውም ነበር። አማቴ ማሽኑን አጠፋች፣ እኔ ካውያውን ነቀልኩ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። መጀመሪያ ውሃው ነው የሚሰማው። ከዚያ በውሃው ውስጥ ብረት ይመታል። ያቆምና እንደገና ይመታል። በመጨረሻ ላይ፣ በጣም ርቆ፣ «ክፈቱልኝ» የሚል የሴት ድምፅ አለ። ከዚያ የኋላው ግድግዳ ይናዳል፤ ውሃው ወደ መጋዘኑ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። እህቷ አፏን በሽርጧ ያዘች።

በዚህ ጊዜ መርማሪው ራሱ መጣ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ደጋግሞ ሰማው። ከዚያ ቆቡን አወለቀና አማቴን ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷ ይቅርታውን ትተህ በሩን ሂድና እይ አለችው። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነበር፤ ግድግዳው ሄዶ በሩ ብቻውን ከነጓጉንቸሩ ቆሟል። ነጋዴው ሲያዝ ሌላ ሰው ነው የቆለፈው አለ። ጉዳዩን የጨረሰችው ያቺ ዝም ያለች ሚስቱ ናት። ጣቢያ ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ሰው ሁሉ እየሰማት፣ «ለእኔ ጎርፍ ወሰዳት አለኝ፤ ለሰው ሰረቀች አለ። እኔ ለሞተች ልጅ ብዬ ነው ልብሷን የሰጠሁት» አለች። ሰውየው ሁለት ውሸት ለሁለት ጆሮ ከፋፍሎ ነበር፤ የሚስቱ ደግነት አገናኛቸው። ሞታ ብትገኝ ማን ቆለፈባት ተብሎ እንዳይጠየቅ ነው ሌባ ያደረጋት፤ ሌባ ጠፋች ከተባለ ፍርስራሽ ውስጥ የሚፈልጋት የለም።

ያን ጊዜ ነው ከስድቡ የባሰው የመጣው። ሰዉ ሁሉ በአንድ ጀምበር ተገልብጦ ያለቅስ ጀመር። ከጃኬቱ ፎቶ ሥር ሻማ፣ ነፍስ ይማር፣ አበባ። ያ «ከጎርፉ የባሰች» ያለው ሰውዬ ግጥም ጻፈ። አማቴ እኔ ስናደድ አይታ ታውቃለች፤ እኔ ግን እሷን እንዲያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም ነበር። እየደወለች «ማን ሞተች አለህ? ሬሳ አይተሃል? አውርደው» ትላቸዋለች። እህቷ ለቅሶ ልትቀመጥ ስትነሳ እጇን ያዘቻት።

«ሬሳ ሳላይ አላለቅስም። አንቺም አታለቅሺም። ወንዝ የወሰደውን ሁሉ አይበላም፤ ይኸው ጥርስ እንኳ መልሷል።»

እህቷ እያለቀሰች ሳቀች። አማቴ ያቺ ሳቅ ሳትጠፋ ስልኩን አፏ ላይ ደቀነችላት፤ ልጅቷ የምታምነው የእህቷን ድምፅ ነው፣ አናግሪያት አለቻት። እህቷ እንደ ወትሮዋ ነው ያናገረቻት፣ በቁጣ። «የት ነው ያለሽው? ጃኬትሽን ይዤዋለሁ። ማንም አያስርሽም፤ የታሰረው እሱ ነው። ደውዪልኝ።» ይህ ድምፅ ተቀርጾ ተለጠፈና ወንዙን ተከትሎ ወረደ። በየመጠለያው ያሉ በጎ ፈቃደኞች ስልካቸውን ከፍ አድርገው በየክፍሉ እየዞሩ አሰሙት። አንዳንዱ የሞተ ሰው መጥራት ነው ብሎ አፌዘ፤ አማቴ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ስልኩ ሲጠራ ካውያው ላይ ነበርኩ። በታች በኩል፣ ወንዙ ሜዳ በሚወጣበት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ካለ መጠለያ ነው። የምትደውለው ነርስ ናት። አንዲት ክንዷ የተሰበረ ልጅ አለች፤ ስሟን ሌላ ብላ ነው ያስመዘገበችው፤ ድምፁን ከሰማች ጀምሮ ማልቀስ አላቆመችም አለች። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማኝ፤ ቀጭን ድምፅ «እትዬ» አለ። እህቷ ስልኩን ነጠቀችኝ። አማቴ ወደ ጓዳ ገብታ ውሃ ከፈተች፤ ስታለቅስ እንዳንሰማት ነው።

ልጅቷ ኋላ እንደነገረችን ውሃው ደረቷ ላይ ሲደርስ ጆንያዎቹ ላይ ወጥታ በሩን በብረት ስትመታ ነበር። ግድግዳው ሲናድ ባዶ በርሜል አቅፋ ወጣች፤ ጡብ የሚሠሩ ሰዎች ጎትተው አወጧት። መጠለያው ውስጥ ከአጠገቧ ያለው ፍራሽ ላይ የምትተኛ ሴት አንድ ቀን ስልኳን አሳየቻትና «ይህችን ሌባ አይተሻታል?» ብላ ጠየቀቻት። የገዛ ፎቶዋ ነው። ፊቷ አብጦ ስለነበር ሴትየዋ አላወቀቻትም። «አላየኋትም» አለች ልጅቷ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነተኛ ስሟን ለማንም አልተናገረችም፤ ስትመዘገብም ሌላ ስም ሰጠች።

ባሌና እህቷ ሄደው አመጧት። የደረሱት ጠዋት ነው፤ ወሬው ቀድሟቸው ቤታችንም ደረጃውም በሰው ታጭቋል። ከሰደቡን መካከል ግማሹ እዚያ ነበር፤ እያንዳንዱን በዓይኔ ቆጠርኩት። ልጅቷ ቀጭን ናት፤ ክንዷ በጀሶ ተጠቅልሎ አንገቷ ላይ ታስሯል። ስትገባ ሁሉም ስልኩን አነሳ። ባሌ በሩን ሊዘጋ ታገለ፤ እኔ አንዱን የታጠበ አንሶላ ስቤ ልከልላት ሮጥኩ። ይህች ልጅ በቂ ታይታለች፣ ተዉአት ብዬ ጮኽኩባቸው።

ልጅቷ ጤነኛ እጇን ዘርግታ አንሶላውን ዝቅ አደረገችው። አማቴን እንጂ ሌላ ሰው አላየችም።

«ሌባ ተብዬ ፎቶዬ ሲለጠፍ የሸፈነኝ አልነበረም» አለች። «አሁን ለምን እሸፈናለሁ? እርስዎ ያንሱኝ።»

አማቴ ሰው አንስታ አታውቅም፤ የምታነሳው የጠፋ ዕቃ ነው። ስልኩን ያዘች፤ መጀመሪያ ያነሳችው ወለሉን ሆነ። ሁለተኛው ጥሩ ወጣ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ ቀጥ ብላ ነው የቆመችው፤ እህቷ ከጎኗ አለች። ገጻችን በዚያ ሳምንት ተከፍቶልን ነበር። አማቴ ከፎቶው ሥር ምን ልጻፍ ብላ ጠየቀቻት።

«ስሜን» አለች ልጅቷ። «ከነአባቴ ስም። ሌባ የተባለው ስሜ ነው።»

አማቴ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለገች ጻፈችው። ጨርሳ ለልጅቷ አሳየቻት። ልጅቷ ስሟን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፅ አውጥታ አነበበችው፤ ደረጃው ላይ የቆመው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ራሷ በጣቷ ተጭና ለጠፈችው።